የሸኚዋ መጨረሻ

ጥቅምት 9

ፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታሽ ብቻ አንድ ገጽ ፈጅቷል። ከባድ ነገር ልትጠይቂ ስታስቢ ሰላምታ እንደምታበዢ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለማውቅ፣ ወደ ሁለተኛው ገጽ ዘልዬ ነው የጀመርኩት።

ጤናዬ ደህና ነው። ጽሕፈቱ የእኔ አለመሆኑን ስታዪ እንዳትደነግጪ። እጄን ብርድ መቶኝ ብዕር መያዝ ስላስቸገረኝ እኔ እናገራለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ይጽፋል። አውቶቡስ ሲነዳ ያረጀውን ወንድሜን ታውቂዋለሽ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው ቢያጣ እኔን ይነዳኛል። (ጸሐፊው ነኝ፦ ማን ማንን እንደሚነዳ ጎረቤት ይመስክር። ጤና ይስጥልኝ ልጄ።) ይኸው፣ ገና ሳንጀምር ጣልቃ ገባ። ስልክ ለምን አያነሱም ላልሽው፣ ስልክ አልወድም። በስልክ ሰው እያወራ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ደብዳቤ ግን ቁጭ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የባሌት ቡድናችን አርባኛ ዓመቱን በ«ሸኚዋ» ሊያከብር መሆኑን፣ ሥራውም ለአንቺ መሰጠቱን ስሰማ ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም። ያቺን ዳንስ የቡድኑ መሥራች አባ ዱቄት በእኔ ገላ ላይ ነው የሠራት። አንዲት ሴት ሰው ትሸኛለች። ተሸኚው አይታይም፤ መድረኩ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናት። አብራው ትሄዳለች፣ ታቆመዋለች፣ ትለቀዋለች። ፊልም አልተነሳችም፣ ወረቀት ላይም አልሰፈረች። አባ ዱቄት «ዳንስ ከገላ ወደ ገላ ነው የሚሻገረው፤ ካሜራ ካመኑ እግር ይሰንፋል» የሚል ግትር ሰው ነበር። እኔም ለአንቺ ላሻግራት ቀን ስጠብቅ የዳሌሽ ጉዳት ቀደመኝ። አሁን የምታውቃት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ይዣት ከሄድኩ ሄደች ማለት ነው፤ ይህ ነገር ሲከነክነኝ ነው የኖረው። ስለዚህ «ያስቸግርዎት ይሆን» ማለቱን ተዪውና፣ ስለጠየቅሽኝ አመሰግንሻለሁ።

እየቆራረስኩ እልክልሻለሁ። መግቢያዋን ከዚህ ወረቀት ጋር ታገኛለሽ። ልጅቷን ግን ተጠንቅቀሽ ምረጪ። ዘላይማ ሞልቷል፤ መቆም የምታውቀውን ፈልጊ።

መምህርሽ


ኅዳር 4

ለእትዬ፣

ይቅርታ፣ መልሱን አዘገየሁት። ያለ ወቅቱ በጣለው ዝናብ የልምምድ ክፍላችን ጣሪያ አፍስሶ ነበርና ወለሉ እስኪደርቅ ጭንቅ ይዞን ሰነበተ። እንጨቱ አብጦ አንድ ጥግ ላይ ተነስቷል፤ አናጢው መጥቶ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ሂሳብ ሳይጠይቅ ሄደ። ሂሳብ የማይጠይቅ አናጢ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

የላኩልኝን መግቢያ መስተዋቱ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ጋሼን ያመስግኑልኝ፤ ጽሕፈታቸው እንደ መንገድ ምልክት ከሩቅ ይነበባል። 

ማንን መረጥሽ፣ ለምንስ ብለው ጠይቀውኛል። ልጅቷን ዝምታ እንላታለን። ከኋለኛው ረድፍ ነው ያወጣኋት። አንድ ቀን ከልምምድ ስወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እናቷን ስታሳፍር አየኋት። አውቶቡሱ ሄደ፣ ታጠፈ፣ እሷ ግን እዚያው ቆማለች። አላለቀሰች፣ እጇን አላነሳች፤ ክብደቷ ብቻ ወደ አንድ እግሯ ሲሄድ ይታያል። እኔም በቃ አልኩ። ይህንን ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው «ዳንሰኛ ከአውቶቡስ ማቆሚያ መመልመል ጀመርን?» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። ልደብቅዎት አልፈልግም፤ «ሸኚዋ» እስከ የካቲት አጋማሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሟልታ ካላያት፣ የሌላ ቡድን ሥራ አስመጥቶ በዓሉን በዚያ ሊያከብር ወስኗል። ዘንድሮ ካልተነሳች ደግሞ ማን መልሶ ያነሳታል? የልምምድ ጊዜ የሚሰጠኝ ሌላ አርባኛ ዓመት የለም።

ዳሌዬ የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ሁሉም «አይዞሽ» እያለ አበባ አስቀምጦ ሄደ። እርስዎ ግን ባዶ እጅዎን መጥተው «ተነሺ፤ ትንንሾቹን ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አስተምሪ» አሉኝ። ያን ቀን ጠልቼዎት ነበር። አሁን ይህንን የምጽፍልዎት ያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ አንድ እግሩ ይነቃነቃል፣ ግን ማንም እንዲቀይረው አልፈቅድም።

አክባሪ ልጅዎ


ታኅሣሥ 3

ፌንጣዬ፣

የቡድኑን ታሪክ ለበዓሉ መጽሔት «ጥሩ አድርገው» እንድነግርሽ ጠይቀሻል። ጥሩ የሚሆነው እውነቱ ከሆነ ይኸውልሽ።

የጀመርነው ዱቄት መጋዘን ውስጥ ነው። ባለቤቱ የዱቄቱን ንግድ ወደ ሌላ ሰፈር ሲያዛውር ቤቱን ለአባ ዱቄት አከራየው፤ ዱቄቱን ግን ሙሉ በሙሉ ማዛወር የቻለ ሰው የለም። ከወለሉ ስንጥቅ ይወጣል፣ ከጣሪያው ይወርዳል። አንድ ዝላይ ዘለን ስናርፍ ሁላችንም እናስላለን። ወደ ቤት ስንሄድ የሰፈሩ ሰው የዳቦ ቤት ሠራተኞች እንመስለው ነበር፤ እናቴማ ዳቦ ለምን ይዤ እንደማልገባ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቃኛለች። መሥራቻችንም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በዚያ ጊዜ ግድግዳ ላይ የምንደገፍበት እንጨት አልነበረንም፤ ቧንቧ ሠራተኛ አሮጌ የውኃ ቧንቧ ገጥሞልን፣ ክረምት ሲሆን እየቀዘቀዘ እጃችንን ይነክሰን ነበር።

የመጀመሪያው ትርዒታችን አንድ ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እኛ በእግራችን ጣት ቆመን ስንጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነስተው «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! ለልጆቹ ወንበር ስጧቸው እንጂ!» ብለው ጮኹ። አባ ዱቄት ከመጋረጃው ጀርባ በሳቅ ወለል ላይ ተቀመጠ። ጫማ አይበቃንም ነበርና አንዱን ጥንድ ለሁለት እንካፈለዋለን። የእኔን ክፍል ስጨርስ ሮጬ አወልቅና ለጓደኛዬ እሰጣታለሁ፤ እሷ ስታጠልቀው ገና ይሞቃል። እሷ ዛሬ በሕይወት የለችም። ያንን ሙቀት ግን ጻፊልኝ፤ ቡድኑ ምን እንደሆነ የሚጠይቅሽ ካለ ያ ነው።

ሁለተኛው ቁራሽ ይኸው። ከኋለኛው ግራ ጥግ ተነስታ ወደ ፊተኛው ቀኝ ጥግ ትሸኘዋለች። ትከሻዋ ወደ እሱ፣ ዓይኗ ወደ መንገዱ። ረጅም እርምጃ፣ አጭር እርምጃ፣ ግማሽ ዙር። መሀል ላይ ስትደርስ መንገዷን ወደ ጎን ታጥፋ ትዞርና እንደገና መስመሯ ውስጥ ትገባለች። ስትዞር ዳሌዋን ሰብሰብ ታድርግ። (ጸሐፊው፦ ሰብሰብ ካላደረገች ጭኗን ትመታለች። ከልምድ ነው የምናገረው።) ዝም በል አንተ። ከዚያም ታቆመዋለች፤ የሚያቆመው እጇ ነው፣ ፊቷ ግን ሂድ ይለዋል። ይህንን ክፍል ለማግኘት ብዙ ደክመናል። (ጸሐፊው፦ «ደክመናል» የሚለው ላይ ወገቤ አስተያየት አለው።)

መምህርሽ


ጥር 5

ለእትዬ፣

ደብዳቤዎ ላይ «ፈርተሻል ወይ?» ብለው ጽፈው ነበር። ፈርቼ ነበር። ከትናንት ወዲያ ግን ትንሽ ለቀቀኝ።

ዝምታ ሁለተኛውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ሄደችው። ሌሎቹ ልጆች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ሊወጡ በር ላይ ነበሩ፤ ማንም አልወጣም። አንዷ ጫማዋን እያሰረች እጇ ክሩ ላይ ቀረ። ከዚያች የዱቄት ቤት ተነስቶ እርስዎ ጋ የደረሰ ነገር፣ ከእርስዎ በፖስታ ቤት በኩል እዚህ ክፍል ውስጥ ሲገባ አየሁት። እትዬ፣ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ እንኳን ስልኩን ዘጋ፤ ይህ ከእሱ ትልቅ ስጦታ ነው።

አንድ ጋዜጠኛም ይዞ መጥቶ ነበር፤ የጥበብ ገጽ የሚያዘጋጅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ሰው ነው። መሀል ላይ ያለችው መታጠፊያ አንጀቱን በላችው። «መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ይታጠፋል! ይህ የልብ ማመንታት ነው፤ መሸኘት የማትፈልግ ልብ መንገዱን ታስረዝማለች» እያለ እኛኑ ሲያስተምረን አመሸ። ሥራ አስኪያጁ አባባሉን ጽፎ ይዞ በየስብሰባው እየደገመው ነው። ዝምታ ግን ትጠይቀኛለች። «ለምንድነው የምዞረው? ምን አይቼ ነው?» ትለኛለች። ምን ልመልስላት? አባ ዱቄት ሲያስተምሩዎት ምን ብለውዎት ነበር?

ከዚህ ሌላ የቀረን መጨረሻው ብቻ ነው። ተሸኚው ከሄደ በኋላ ምን ታደርጋለች? እሱን ሲልኩልኝ ለሥራ አስኪያጁ ሙሉውን አሳየዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ


ጥር 20

ፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ በሳቅ ትን አለኝ፤ ወንድሜ ውኃ ሊያመጣ ሮጠ። «የልብ ማመንታት»! ልጄ፣ ያ መታጠፊያ የምግብ ጠረጴዛችን ነው።

አባ ዱቄት መንገዱን የሠራው ቀጥ አድርጎ ነው። የእኛ ሳሎን መሀል ላይ ግን የእናታችን ጠረጴዛ ተገትሯል። አራት ሰው ነው የሚያነሳው፤ በበርም አይወጣም፣ ቤቱ ሲሠራ አብሮ የገባ ነው የሚመስለኝ። ወንድሜ እዚያ ሲደርስ ይዞረዋል። እኔም የሄደበትን ሁሉ ጻፍ እለዋለሁ፣ እሱም ይጽፋል። ዙሩ የማን እንደሆነ ሁለታችንም አላሰብንበትም። (ጸሐፊው፦ እንቅፋት አይቶ የማይዞር ሾፌር ለጡረታ አይበቃም።)

«ወንድሜ እዚያ ሲደርስ» የሚለውን ደግመሽ እያነበብሽው እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዲህ አመለጠኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጧት ልነሳ ስል ቀኝ ጎኔ አልነሳም አለ፤ እጄም እግሬም። አፌም ተወላግዷል። ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው፤ የምለውን አጥርቶ የሚሰማኝ ወንድሜ ብቻ ነው። ብነግርሽ ልምምዱን ጥለሽ እንደምትመጪ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ተቀይመሽ ከሆነ ተቀየሚ፣ ግን እዚያው ሆነሽ።

«ሸኚዋን አውቃታለሁ» ስልሽ የማውቃት መስሎኝ ነበር። ጥያቄሽ ከመጣ በኋላ ተቀምጬ ሳስባት አንዲት እርምጃ እንኳ አልመጣችልኝም። ለካ ያኖርኳት እግሬ ውስጥ ነበር፤ እግሬ ደግሞ የለም። ሳለቅስ ወንድሜ ገባ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ፤ ነገርኩት። ጫማውን አወለቀና «በየት በኩል ልጀምር?» አለኝ። ግራ እግርህን ወደፊት አልኩት። የእሱ እግር ሲሄድ ሳየው «ኧረ እንዲህ አይደለም!» የሚል ነገር ከውስጤ ይወጣል፤ እንዴት እንዳልሆነ ካወቅሁ እንዴት እንደሆነም ይመጣልኛል። ይህ ቦርጫም ሰውዬ በካልሲ ሲሽከረከር ብታይው! አላጉረመረመም አልልሽም፤ በየቀኑ አጉረምርሟል፣ በየቀኑም ተነስቷል። ዝምታ የተማረችው ሁሉ መጀመሪያ በእሱ ገላ ያለፈ ነው።

መጨረሻው ግን የለኝም። ተሸኚው ከሄደ በኋላ ሙዚቃው ጥቂት እንደሚቀጥል አውቃለሁ፤ እሷ ምን ታደርግ እንደነበር አላውቅም። ወንድሜን አስቆምኩት፣ አስዞርኩት፣ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ ለማስነሳት ጎረቤት ጠራን። ምንም አልመጣልኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ሙሉዋን ላስረክብሽ ነበር።

መምህርሽ

(ጸሐፊው፦ ይህንን ስታጽፈኝ እሷ አላለቀሰችም። ቀለሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።)


የካቲት 1

ለእትዬ፣

ደብዳቤዎን ልብስ ማስቀመጫ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አነበብኩት። ተቀይሜያለሁ፤ እንዳዘዙኝም እዚሁ ሆኜ ነው የተቀየምኩት። ይህን ሁሉ ወር እኔ እዚህ ስለ ጣሪያ ውኃና ስለ ሥራ አስኪያጁ ሳማርር፣ እርስዎ እዚያ ግማሽ ገላዎን አጥተው ለእኔ ዳንስ ሲያጽፉ! ቅያሜው ግን ከምስጋናው ጋር ሊወዳደር አልቻለም፤ በሩን ከፍቼ ስወጣ የተረፈኝ ምስጋናው ብቻ ነበር። ጋሼ ጉልበታቸውን እስምላቸዋለሁ፤ ለዚህ ሥራ የደከመ ጉልበት ነው።

ጠረጴዛው የዳንሱ አካል ካልሆነ ላውጣው ወይስ ልተወው ብዬ ብጠይቅዎት «አሁን ባለቤቷ አንቺ ነሽ» ብለው በአንዲት መስመር ገላገሉኝ። ስለዚህ ዝምታን መንገዱን ቀጥ አድርገሽ ሂጂ አልኳት። ሄደች፤ ምንም ስሕተት የለውም። ከዚያ ስለ እርስዎም፣ ስለ ጋሼም፣ ስለ ጠረጴዛውም እውነቱን ነገርኳትና የትኛው ይሻላል አልኳት። ውኃዋን ጠጣች፣ ጠርሙሱን ከደነች፣ ከዚያ «ጠረጴዛ ካለ ቤት አለ ማለት ነው። ሰው የሚሸኘው ከቤት ነው» አለች። ስለዚህ የእናትዎ ጠረጴዛ ቡድናችን ውስጥ ተቀጥሯል። ለሥራ አስኪያጁ አልነገርነውም፤ የልብ ማመንታቱን እየደገመ ይኑር።

መጨረሻውን ፍለጋ ድሮ ያጀብዎት ወደነበሩት ፒያኖ መቺ ቤት ሄጄ ነበር። ጆሯቸው አሁንም ንቁ ነው። ሸኚዋን ስንት ጊዜ እንደመቷት አያውቁም፤ ግን አንድም ቀን ቀና ብለው አላዩም! «ልጄ፣ እሷ እግሯን ስታይ እኔ ጣቴን አያለሁ፤ እንዲህ ነው ተከባብረን የኖርነው» አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል ግን «ቆይ» አሉኝ። «እሰማት ነበር። መጨረሻው ላይ ዳንስ አይሰማም። እርምጃ ነው የሚሰማው። ቤቷ ሥራ የሚጠብቃት ሰው እርምጃ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ነገር ታይቶኛል፤ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። የተሰጠኝ ጊዜ ሊያልቅ ነው። እትዬ፣ የአባ ዱቄትን ሥራ እኔ ልጨርሰው ይፈቅዱልኛል?

አክባሪ ልጅዎ


የካቲት 11

ፌንጣዬ፣

ጨርሺው።

ሌላ የምጽፍልሽ አልነበረኝም፤ ወንድሜ ግን «ለአንዲት ቃል ቴምብር አላባክንም» አለኝ። ስለዚህ ልጨምር። የሠራሽው ከአባ ዱቄት ጋር አንድ ባይሆን አያሳዝነኝም። እኔን የሚያስፈራኝ የነበረው ሸኚዋ መሀል መንገድ ላይ ተገትራ እንዳትቀር ነው። አንቺ ወደ አንድ ቦታ ካደረስሻት እኔ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። 

ልምጣ ብለሽ ለጠየቅሽው አትምጪ። እኔም አልመጣም፤ ሐኪሙ መንገዱን ከልክሎኛል። ወንድሜን እልካለሁ። ጎረቤቴ ከእኔ ጋር ትሰነብታለች፤ ወሬዋ ብዙ ነው፣ እችለዋለሁ። እሱን ወደፊት አስቀምጪው፤ ቁመተ ረጅም ነውና ከኋላው ያለውን ሰው ይቅርታ ጠይቂልኝ። ዳንሱ እስኪጀመር እንዳትመግቢው፤ ከበላ ይተኛል። (ጸሐፊው፦ ስም ማጥፋት ነው። ግን እውነት ነው።)

አንድ ነገር ብቻ አደራ። መጨረሻውን በደብዳቤ እንዳትነግሪኝ። ወሬው ቀድሞ እንዲመጣብኝ አልፈልግም፤ ወንድሜ ያየዋል፣ እሱ ያምጣልኝ።

መምህርሽ


መጋቢት 2

ለእትዬ፣

ይህችን በጋሼ እጅ ነው የምልክልዎት፤ ታች መኪና እየጠበቃቸው ስለሆነ አሳጥራለሁ።

ሥራ አስኪያጁ በቀነ ቀጠሮው መጥቶ ሙሉውን ሲያይ ስለ ሌላ ቡድን ያወራው ነገር ሁሉ ከአፉ ጠፋ። ስለ ትናንቱ ትርዒት እንዳዘዙኝ ምንም አልልም። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሼን ፊት ለፊት አስቀምጠናቸው ነበር። ዝምታ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ሆነው አብረዋት ዞሩ፤ አጠገባቸው የተቀመጡት እመቤት ቦርሳቸው ወደቀ።

በቡድናችን ደንብ፣ አንድ ዳንስ የማን የማንን ገላ አልፎ እንደመጣ ለተመልካች በሚሰጠው ወረቀት ላይ ይጻፋል። በዚህኛው ላይ እንዲህ አጻፍኩ፦ ከአባ ዱቄት ለመምህርቷ፣ ከመምህርቷ ለሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ለዝምታ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ «ሾፌሩ የተባለው ዳንሰኛ የየት ቡድን ነው?» አለኝ። «የከተማ አውቶቡስ» አልኩት። የሚቀልድ ሰው አይወድም፣ ግን አልሰረዘውም።

እትዬ፣ ወንበር ላይ ካስቀመጡኝ ቀን ጀምሮ ያለኝን ሁሉ ያገኘሁት ከእርስዎ ነው። አመሰግናለሁ። መጨረሻውን ጋሼ ይዘውታል።

አክባሪ ልጅዎ


መጋቢት 3

ፌንጣዬ፣

ዛሬ ጣልቃ እንዳይገባ አስምዬዋለሁ፤ የምለውን ብቻ ይጽፋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ገባ። «እንዴት ነበር?» አልኩት። እንደ ወትሮው «ጥሩ ነበር» ብሎ ወደ ምግቡ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ሻንጣውን በር ላይ ተወው፣ ኮቱን አወለቀ፣ ጫማውን አወለቀ። ጎረቤቴ ልታወራ አፏን ስትከፍት እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት፤ ይህንን ከእሱ በፊት የቻለ ሰው የለም። ከዚያ ጀመረ። ከመግቢያዋ ጀምሮ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ትንፋሹ ብቻ እየተሰማ። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ የኖረ ሰው አንዴ ያየውን መንገድ አይስትም። የሳተውም ቢኖር እኔ አላየሁበትም።

ሸኛት፤ ማለቴ፣ ሸኘ። አቆመ። ለቀቀ። እኔ ወደማላውቀው ቦታ ሲደርስ ግራ እጄ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ነበር።

ወንድሜ የሄደውን ሰው ትንሽ አየው። እጁን ሊያውለበልብ አነሳና ግማሽ ላይ ተወው። ከዚያ ሁለት መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ ቤቱ ሥራ እንደሚጠብቀው ሰው እየተራመደ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። በቃ።

ልጄ፣ ዝቅ ብዬ ሳይ ግራ እጄ የወንበሩን ክንድ ለቆ ጭኔ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ላይ እየተጠረገ ነው። እኔ አላዘዝኩትም። አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ፤ ከዚያ ቆመ። ቀኙም ሊያግዘው እንደፈለገ ተሰማኝ፤ አልቻለም እንጂ። ያኔ መጣልኝ። የዱቄት ቤቱ ወለል፣ አባ ዱቄት ግድግዳውን ተደግፎ «ጥረጊና ግቢ፣ ሕይወት አለብሽ» ሲለኝ። መጨረሻዋ ይህ ነበር። አንድም ነገር አላጎደልሽም።

ወንድሜን ጠርቼ «ከየት አመጣችው?» አልኩት። ከእኔ መሆኑን ነግረሽዋል። በየቀኑ ትምህርት ሲያልቅ መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ፣ ሳላያችሁ ዞሬ እወጣ ነበር አሉ። እናንተም ከኋላዬ ተደርድራችሁ እንደ እኔ እየጠረጋችሁ ትስቁብኝ ነበር አሉ። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። መድረክ ካቆምኩ በኋላ ያንን ሁሉ ዓመት የሸኚዋን መጨረሻ በየቀኑ ፊታችሁ ስጨፍረው ኖሬያለሁ፤ እናንተ ባለጌዎች ደግሞ እየሳቃችሁ ተምራችሁታል። ላስረክብሽ አልቻልኩም ብዬ ወራት ሙሉ ያለቀስኩበት ነገር፣ ገና ልጅ ሳለሽ እጅሽ ገብቶ ኖሯል። ስለሳቅሽብኝ አመሰግንሻለሁ። ሳትስቂብኝ ብትቀሪ ኖሮ ዛሬ ምንም አልነበረንም።

ጎረቤቴ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁለታችን ቀረን። ወንድሜ ልብሱን እንኳ አልቀየረም፣ ላቡም አልደረቀም። «መጨረሻውን ድገምልኝ» አልኩት። እንደ ልማዱ አጉረመረመ፣ ተነሳ፣ ደገመው። በዚህኛው ጊዜ እጄን ያዘዝኩት ራሴ ነኝ።

መምህርሽ